ጆንያ የለበሰ ሻይ

ቀዝቃዛ ሻይ ማለት ለኔ ሰው ረስቶት የሄደ ሻይ ነበር። ዝንብ የገባበት፣ ከላዩ ቆዳ ያበጀ፣ ሚስቴ ጠዋት "ይሄን ደግሞ ማነው የተወው?" እያለች ደጅ የምትደፋው። እንዲህ ያለውን ነገር በረዶ ጨምረህ፣ ሎሚ ሰክተህ ሰው ፊት ታቀርባለህ ያለኝ ሰው ቢኖር፣ በጉልበቴ ዘመን መኪናዬ ላይ አላሳፍረውም ነበር። አሁን ወገቤ አልቋል፣ ሹፍርናውም ቀርቷል፣ ሰው የሚነግረኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ፊደል የቆጠርኩትም ከመሪው ከወረድኩ ወዲህ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢያንገጫግጫችሁ ወንበራችሁን ያዙ።

የምንኖረው ጅቡቲ፣ ባልባላ፣ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር ነው። ሚስቴ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪኖች ወደብ ከመግባታቸው በፊት ተራ እየጠበቁ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ሻይ ቤት አላት። "ቤት" ያልኩት ለአክብሮት ነው። አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን የተቀዳደደ ሸራ፣ ከሸራው ስር ፕላስቲክ በርጩማዎችና አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር ነው ያለው። እሷ ግን እንደ ቤተ መንግሥት ነው የምታየው፤ አልፈርድባትም። ከልጅነቷ ጀምራ በሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነው የኖረችው። በአረብ ቤት፣ በፈረንሳይ ቤት፣ በሱማሌ ቤት፤ በየቋንቋው "ነይ" ስትባል ኖራለች። እዚህ ቆርቆሮ ስር ግን "ነይ" የሚላት ሰው የለም። አንድ ቀን እኔ ብያት ነበር። ሁለተኛ አላልኩም።

ቦታው የሌላ ሰው ነው። ባለቤቷ ከጀርባችን ባለው ቤት የምትኖር አንዲት ሱማሌ ባልቴት ናት። እኛ እትዬ እንደምንለው እዚህ ትልቅ ሴት "ኤዶ" ትባላለች፤ እኛም እንደዚያ ነው የምንጠራት። አማርኛዋን ድሬዳዋ ሳለች ነው የለመደችው፤ ስትሳደብበት ከኔ ትበልጣለች።

ሐምሌ ገባና ኸምሲን የሚሉት ነፋስ መንፈስ ጀመረ። ይህን ነፋስ ለማያውቅ ሰው የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ከፍቶ ፊቱን ያስገባ። በዚህ ሙቀት የሚፋጅ ሻይ ማን ይጠጣል? ይባስ ብሎ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰውዬ በሩ መስታወት የሆነ ፍሪጅ አመጣ። ለስላሳውና የታሸገው ጁስ በመብራት ያበራል። ሾፌሮቹ ባይገዙም እንኳ ፊቱ ቆመው ያዩታል፣ ኳስ የሚተላለፍ ይመስል። የኛ በርጩማዎች ባዶ ሆኑ። ሚስቴ ማንቆርቆሪያዋን እየወለወለች ትውላለች፤ እኔ ማዶውን እየተራገምኩ እውላለሁ።

አንድ ሐሙስ ቀን ኤዶ በትሯን እየመታች መጣች።

"የሚቀጥለው ሐሙስ፣ በጫት ሰዓት እመጣለሁ" አለቻት ለሚስቴ። "ሰው ተቀምጦ ካየሁ ትቆያለሽ። ባዶ በርጩማ ካየሁ ቦታውን ለባለ ፍሪጁ እሰጠዋለሁ።"

"ኤዶ፣ ምን አጠፋን?"

"ምንም አላጠፋችሁም። ግን በሬ ላይ ባዶ ወንበር ተደርድሮ ሲያዩት ለቅሶ ቤት ይመስላቸዋል። ትናንት አንዱ የማላውቀው ሰው ገብቶ አጽናናኝ። 'አላህ ይማራቸው' አለኝ። ማንን? እኔው ነኝ ያለሁት!"

"ታዲያ ምን አልሽው?" አልኳት።

"ምን እላለሁ? ከመጣ አይቀር ምሳ አበላሁት" ብላኝ ሄደች።

ሚስቴ ያን ቀን አላለቀሰችም። ማንቆርቆሪያውን ብቻ እንደገና ወለወለችው። ያን መሰሉን ነገር ከልቅሶ በላይ እፈራዋለሁ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ኤሮን ሰፈር ባሕሩ ዳር በፈረንጅ ቤት የምትሠራ የሚስቴ የአገር ልጅ መጣች። ዓርብ ዓርብ ፈቃድ አላት፤ እኛ ጋ መጥታ እግሯን ዘርግታ ትውላለች። ወሬውን ሰማችና ለኔ፣

"ጋሼ፣ ለምን ቀዝቃዛ ሻይ አትሸጡም?" አለችኝ።

"የተረፈውን ማለትሽ ነው?"

"ኧረ አይደለም! ማዳሜ ጠዋት ታስፈላኝና እስኪመሽ በበረዶ ስትጠጣው ትውላለች። አገሯ እንደዚህ ሙቀት ነው አሉ፤ ሰዉ ሁሉ ቀዝቃዛ ጣፋጭ ሻይ እየጠጣ ነው የሚያድገው።"

"አሟት ነው?"

"ከእርስዎም ከኔም ትሻላለች።"

አሠራሩን ነገረችን። ውሃ ይፈላል፣ ከእሳት ይወርዳል። ሻይ ቅጠሉ የሚገባው ከወረደ በኋላ ነው፤ እኛ እንደለመድነው ከውሃው ጋር ሲንተከተክ አይውልም። በሁለት ጣት ቁንጥር የምትያዝ ቤኪንግ ሶዳ ትጨመራለች፤ እሷ ምሬቱን ትሰብራለች፣ ሻዩም ሲቀዘቅዝ እንዳይደፈርስ ታደርጋለች። ከዚያ ይከደንና ሰው ተረጋግቶ ጺሙን እስኪላጭ ድረስ ይተዋል። ቅጠሉ ይጠለላል እንጂ አይጨመቅም፤ ከጨመቁት የደበቀውን ምሬት ሁሉ ይተፋል። ስኳሩ ሻዩ ገና ትኩስ ሳለ ይገባል። ብዙ ነው ስኳሩ። "በቃ" ብለህ እጅህን ከመለስክ በኋላ እንደገና ትጨምራለህ። ሲሟሟ በቀዝቃዛ ውሃ ይቀጥናል፣ በረዶ የሞላ ብርጭቆ ላይ ይቀዳል፣ ሎሚ ይደረግበታል። ይኸው ነው።

"ይሄ ደግሞ ምን ያቅታል!" አልኩ።

ቅዳሜ ሚስቴ ገበያ ስትሄድ ብቻዬን ሠራሁት። በልጅቷ አሠራር ላይ የራሴን ማሻሻያ አደረግኩበት። ሾፌር ወፍራም ሻይ ነው የሚወደው ብዬ ቅጠሉን ሬንጅ እስኪመስል ቀቀልኩት። ከዚያ ጨመቅኩት፤ ሻይ ቅጠል የሚወድቅበት ምክንያት አይገባኝም። ስኳሩን ሰው በልኩ ይጨምር ብዬ ከበረዶው በኋላ አደረግኩት። ውሃውን ከቧንቧ ቀዳሁ። የዚህ ከተማ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ጨው ጨው ይላል። ትኩስ ሻይ ውስጥ ቅመሙ ይሸፍነዋል፤ ሻዩ ሲቀዘቅዝ ግን ጨውየው ራቁቱን ይቆማል። ይህን ያወቅኩት ሁለት ሾፌሮች በነጻ ካስቀመስኳቸው በኋላ ነው።

አንደኛው ተጎነጨ።

"ሾርባው ጥሩ ነው" አለኝ። "ሥጋው የታለ?"

ሁለተኛው ያልሟሟውን ስኳር ከብርጭቆው ስር በጣቱ ዛቀ። "ሥጋ የለውም፤ አሸዋ ግን አለው" አለ። ተያይዘው ወደ ማዶ ተሻገሩ።

ወደ ኤሮን ደወልኩ። ልጅቷ ልብስ ከምታሰጣበት ሰገነት ላይ ሆና በሹክሹክታ አነሳችው።

"ጋሼ ቶሎ ይናገሩ፣ ማዳሜ ውስጥ ናት።"

"ሾርባ ሆነብኝ።"

"በምን ውሃ አፈሉት?"

"በውሃ ነዋ!"

"በቧንቧ? ጋሼ፣ በእሽግ ውሃ ነው እንጂ! ስኳሩንስ መቼ ጨመሩት?"

"ከበረዶው በኋላ።"

 ከጀርባዋ የባሕሩ ነፋስ ይሰማኛል።

"እትዬን ይስጡልኝ" አለች።

ከዚያ ወዲያ ድስቱን እንድነካ አልተፈቀደልኝም። ሚስቴ እንደተነገራት ሠራችው፣ ወጣለት። ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ የሎሚው ክብ ከላዩ የሚንሳፈፍ። ቀምሼ "ምንም አይልም" አልኩ። ብርጭቆውን ስመልስ ግን ባዶ ነበር፤ እሷም አይታዋለች።

የቀረው የበረዶው ጣጣ ነው። ፍሪጅ የለንም፤ በረዶ የሚሸጠው ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ነው። አንድ ቀን በአውቶቡስ ጭኔ ላይ ታቅፌ አመጣሁት። ባልባላ ስደርስ ከበረዶው ይልቅ ሱሪዬ ነበር የቀዘቀዘው። ስወርድ አንዲት ሴትዮ ለልጇ "አየህ፣ ካልነገርከኝ እንደዚህ ነው የምትሆነው" ስትለው ሰማሁ። እንዲህ እየቀለጠ የሚመጣ በረዶ የሚፋጅ ሻይ ላይ ቢደረግ አንድ ብርጭቆ ሳይሞላ ያልቃል። ሻዩ አስቀድሞ በራሱ መቀዝቀዝ አለበት፣ በረዶው ለብርጭቆው ብቻ እንዲደርስ።

ይህን እኔ አውቅበታለሁ። የአዲስ አበባና የጅቡቲን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ሁሉ ያውቅበታል። ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልተህ ጆንያ ታለብሰዋለህ፣ ጆንያውን ታርሰዋለህ፣ ስፖኪዮው ብረት ላይ ታንጠለጥለዋለህ። ነፋሱ እርጥቡን ጆንያ ሲመታው ውስጡ ያለው ውሃ ይበርዳል። ነፋሱ በጋለ ቁጥር ውሃው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እንዲህ ነው። አዋሽ በረሃ ላይ ጥርስ የሚያሳምም ውሃ ጠጥቼበታለሁ።

ሐሙስ መጣ። ሚስቴ በሌሊት ተነስታ አፈላች። እንግዳም አዘጋጅተን ነበር፦ ተራ የሚጠብቁትን ሾፌሮች ሁሉ "በጫት ሰዓት ኑ፣ የዛሬው በነጻ ነው" ብዬ ጠርቻቸዋለሁ፤ ነጻ ሲባል ሾፌር አይቀርም። ሻዩ ጀሪካኑን ሞላው። ከድስቱ ስር ገና በውሃ ያልቀጠነ ወፍራም ሻይ ተረፈ፤ ሚስቴ ከድና አስቀመጠችው። ጀሪካኑን ጆንያ አለበስኩት። ግን ሸራችን ነፋሱን ከልሎታል። ፊት ለፊት የቆመ መኪና ነበር፤ ባለቤቱ ወፍራም፣ የድሮ ወዳጄ፣ ጋቢና ውስጥ እያንኮራፋ ነው። የሱ ጋቢና ከፍ ያለ ነው፣ ነፋሱን በሙሉ ያገኘዋል። በቀኝ በኩል ስፖኪዮው ላይ አንጠለጠልኩት። አልቀሰቀስኩትም፤ የተኛ ሾፌር አይቀሰቀስም፣ ይህ በመንገድ ላይ ከሁሉም በላይ የሚከበር ሕግ ነው። ተረጋግቼ በረዶ ላመጣ ካርቲየ 4 ሄድኩ።

በረዶውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ስመለስ ሚስቴ መንገዱ ዳር ቆማለች። መኪናው የቆመበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ ነው ያለው።

"ሻዩስ?" አልኳት።

በአገጯ ወደ ወደቡ አቅጣጫ አሳየችኝ። "ተራው ደርሶ ተጠራ። እኔ ከሸራው ጀርባ ነበርኩ። እሱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ተከታትለው ሄዱ።"

ዞር ብዬ ሳይ እውነትም አንድ መኪና የለም። እንግዶቻችን ከነሻዩ ወደብ ገብተዋል።

ደወልኩለት። ለብዙ ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

"አንተ! የት ነህ?"

"ወደቡ በር ላይ፣ ሰልፍ ውስጥ ነኝ። ወንድሜ፣ ጉድ ሆኗል ዛሬ።"

"ምን ሆነ?"

"ውሃዬ ጣፈጠ!"

"ስማ..."

"አንተ ስማኝ! ጠማኝና ከጀሪካኑ ተጎነጨሁ፤ ሻይ ሆኗል። ስኳሩ ልክ፣ ቅዝቃዜው ልክ። ቃና ዘገሊላ ወይን ነበር፣ የኔ ሻይ ነው። ምናልባት ኃጢአቴ ስለሚበዛ ይሆናል ወይን ያልሆነልኝ።"

"የሚስቴ ሻይ ነው! ያንተ ጀሪካን በግራ ነው የተሰቀለው!"

 የጋቢናውን በር ሲከፍት ሰማሁት።

"አዎ" አለ ተመልሶ። "በግራም አለ። እንዲያውም የቀኙን ስፖኪዮዬን ምን ጋረደው እያልኩ ነበር።"

"ስንት ተረፈ?"

"ኧረ ምን ይተርፋል! ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ለሾፌሮቹ ሁሉ አዳረስኩ። አንዱ ለታመመች እናቱ የሚወስድላት በኮዳ ቀዳ።"

"ለታመመች እናቱ?"

"ጠበል መስሎት ነው። እኔ ነኝ የነገርኩት።"

ስልኩን ዘጋሁ። በዚያው ቅጽበት የጫት ሰዓት ደረሰ። ይህን ከተማ በዚያ ሰዓት ያላየ አያውቀውም። ጫቱ ይገባል፣ መንገዱ ለትንሽ ጊዜ ይጯጯሃል፣ ከዚያ ወንድ የተባለ ሁሉ እሽጉን በብብቱ ይዞ መቃሚያው ውስጥ ይሰወራል። ባለ ፍሪጁ እንኳ ፍሪጁን ቆልፎ ገባ። መንገዱ ላይ ነፋሱና እኛ ቀረን። በርጩማዎቹም ነበሩ፣ ሚስቴ ለክብሩ ብላ አጥባቸው የሚያብረቀርቁ፣ ሁሉም ባዶ።

የኤዶ በትር ድምፅ መጣ።

እኔ ቶሎ ብዬ አንዱ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ሌላው ላይ ተዛወርኩ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም።

"አንተ ምን ያቅበዘብዝሃል?" አለችኝ ኤዶ። "አንተ አትቆጠርም። ባልየው ነህ።" ወደ ሚስቴ ዞረች። "በይ እንግዲህ። የተባባልነውን ታውቂዋለሽ።"

ሚስቴ ወደ በረዶው ዞረች። ብርጭቆ አነሳች፣ በረዶውን በሙቀጫው ዘነዘና ሰባብራ እስከ አፉ ሞላችው። ድስቱን ከፈተች። ከስር የቀረውን ወፍራም ሻይ፣ ገና ለብ እንዳለ፣ በረዶው ላይ አፈሰሰችው። በረዶው ጢጥ ጢጥ እያለ ተሰነጠቀ። ሎሚ ሰካችበት። በሁለት እጇ አቀረበችላት። 

"ቁጭ ብለሽ ጠጪና ከዚያ ታስወጪኛለሽ" አለቻት።

ኤዶ አሸተተችው። "ሻህ ቀዝቅዞ?"

"አዎ፣ ቀዝቅዞ።"

"ማን ሞቶ ነው ሻይ የቀዘቀዘው?"

"ማንም አልሞተም። ቅመሺ።"

ቀመሰች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ከተወለደ ጀምሮ የተቆጣ ፊት ነው፣ ምን ይነበብበታል። እንደገና ተጎነጨች። ከዚያ ቀኝ እግሯን ከነጠላ ጫማዋ አውጥታ መሬቱ ላይ አሳረፈችው። ሚስቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አሮጊት ጫማዋን ካወለቀች ቶሎ አትሄድም።

"ስኳር አነሰው" አለች።

"ኤዶ፣ ድስቱ ግማሹ ስኳር ነው!" አልኩ።

"አንተን ማን ጠየቀህ? ጨምሪ።"

ሚስቴ ድስቱን መልሳ እሳት ላይ ጣደችና ስኳር ጨመረች። ኤዶ ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ሄልና ቅርንፉድ ነበር። በጥርሷ ሰነጣጥቃ ድስቱ ውስጥ ወረወረችው። የኤሮኗ ማዳም ብታይ ራሷን ትስት ነበር። እኔም ላስቆማት አፌን ከፈትኩ፤ ሚስቴ እግሬን ረገጠችኝ።

ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ኤዶ ተነሳች። ልትሄድ ነው ብዬ ነበር። መንገዱ መሐል ቆማ ባዶ እግሯን፣ ወደ ሰፈሩ ዞራ በሱማሌኛ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ድምፅ የሰማሁት ፍሬን ከበጠሰ ተሳቢ ብቻ ነው።

በሮች ተከፈቱ። ወንዱ ሁሉ መቃሚያ ነው ያለው፤ ሴቶቹ ግን በየቤቱ አሉ፣ ምሳው ተነስቷል፣ ሕፃናቱ ተኝተዋል፣ ሌላ የሚጠብቃቸው ነገር የለም። እኛ ሳምንቱን ሙሉ ሾፌር ስንለምን፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ፈቶ በጥማት የሚቀመጠው ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሴት መሆኑን አንዳችንም አላሰብንም። መጡ። በአበባ ድርያ ቀሚሳቸው፣ ማራገቢያቸውን ይዘው፣ አንዷ የልብስ ስፌቷን እንኳ ሳትጥል። በርጩማው አልበቃም። አንዷ እግሩ ያጠረው አግዳሚ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ከዚያኛው ጫፍ ያለችው ወደ ላይ ተነሳች፤ ሳቁ ዋራበሌን አዳረሰ። ሚስቴ ትቀዳለች፣ በረዶ ትሰብራለች፣ "ቆይ ይደርስሻል!" ትላለች በሦስት ቋንቋ።

ኤዶ በበትሯ መሬቱን መታች።

"ትቆያለሽ" አለቻት ለሚስቴ።

ሚስቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ ፊቷን ወደ ድስቱ አዙራ፤ ጭሱ ነው አለች።

"ግን" አለች ኤዶ፣ በትሯን ወደኔ ቀስራ፣ "በጫት ሰዓት እዚህ ወንድ አይቀመጥም። ወሬ አያስወራንም።"

"ቤቴ እኮ ነው!" አልኩ።

"የሷ ነው" አሉ ኤዶና ሚስቴ እኩል።

ማምሻውን ወፍራሙ ሾፌር ባዶውን ጀሪካን ይዞ መጣ፣ ከኋላው ሌሎችም አሉ፣ ጠበሉ ይሞላልን ይላሉ። ሚስቴ ከነገ ወዲያ ጠዋት ኑ አለቻቸው። ተመዝግበው ነው የሚመጡት፣ እንደ ወደብ።

እኔ አሁን ከሰዓት በኋላ ማዶ፣ ባለ ፍሪጁ ደጅ እቀመጣለሁ። ሰውየው ጫቱን ትቶታል፣ ሆዱን ያመዋል አሉ፤ ሁለታችን ፍሪጁን ጀርባችን አድርገን የነሱን ጫጫታ እናያለን። የሱን ለስላሳ የሚጠይቅ የለም። ትናንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስቲ ከሚስትህ አንድ ብርጭቆ ለምነህ አምጣልኝ" አለኝ።

አላመጣሁለትም። ጠዋት እዚያው ሄዶ እንደ ሰዉ ይሰለፍ።